አረንጓዴው ጠርሙስና ሰማያዊው ሻርፕ

ጥቁሩን ጨርቅ የገለጠችው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ማክሰኞ ጠዋት፣ የሎንግቹዋን ሙዚየም በሩን ለጎብኚ ሳይከፍት፣ በትልቁ አዳራሽ መሃል ያለውን የመስታወት ሣጥን ልትወለውል ጨርቁን ሳብ አደረገችው። ውስጡ ባዶ ነበር። ስምንት መቶ ዓመት የኖረው አረንጓዴ የሸክላ ጠርሙስ የለም። መስታወቱ አልተሰበረም፤ ቁልፉም አልተነካም። ሴትዮዋ እሪ ስትል ጥበቃው ሊያኦ የያዘውን ሻይ ጭኑ ላይ ደፋው።

ኢንስፔክተር ላን ጉዋንሚን ወሬውን በስልክ ሲሰማ መጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነው። ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ለራሱም ቢሆን ቶሎ አላመነም። እውነቱ ግን ይኸው ነው። የሙዚየሙ ኃላፊ ሹ ዜቻንግ ነበር፤ ሹ ዜቻንግ ላይ መዓት ሲወርድ ማየት ደግሞ ላን ሃያ ዓመት በሆዱ ይዞት የኖረ ምኞት ነው።

የላን ሚስት ፔይዩን ልጃገረድ ሳለች ሹ ግጥም ይጽፍላት ነበር። እሷ ግጥሙን አነበበች፣ አመሰገነች፣ ፖሊሱን አገባች። ሹም ለሠርጋቸው አንዲት ትንሽ አረንጓዴ ሲኒ ይዞ መጣ፤ በልቶ ጠጥቶ ሄደ። ለሌላ ሰው ቢሆን ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። ላን ግን ሲኒዋ ከመደርደሪያው ላይ በየቀኑ የምትሰድበው ይመስለዋል። ሁለት ጊዜ "ሳያስበው" በክርኑ ገፍቷት መሬት ወድቃለች፤ የሎንግቹዋን ሸክላ ሆነችና ሁለቴም አልተሰበረችም።

ሙዚየሙ ሲደርስ ሹ ደጁ ላይ ቆሞ ጠበቀው። ፊቱ አመድ መስሏል። ፀጉሩ ግን እንደ ድሮው ጥቁር ነው፤ ይህም ላንን አናደደው።

"ትናንት ሰኞ ስለሆነ ዝግ ነበርን፤" አለ ሹ። "ቀትር ላይ ብቻ ለከተማው በዓል እንግዶች የሚሰጥ ስጦታ ለመምረጥ ጥቂት ሰዎች ገብተናል። ሸክላ ሠሪው ጂ ሹንፋ ከጠርሙሱ የቀዳቸውን ሥራዎች አምጥቶ ነበር፤ ሣጥኑን ከፍተን ከዋናው ጋር ጎን ለጎን አየናቸውና…"

"ስለ ሸክላ ሠሪ አልጠየቅኩህም። ሣጥኑን ማን ቆለፈው?"

ሹ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ዳሰሰ። "እኔ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ሁላችንም ወጣን። ማታ ሊያኦ እንደ ልማዱ ዞሮ አይቷል፤ ምንም አልጎደለም ነበር።"

"አንተስ? ማታ የት ነበርክ?"

"ቤቴ።"

"ከማን ጋር?"

"ብቻዬን ነዋ። አላገባሁም፤ አንተም ታውቃለህ።"

ላን ያውቃል። በዚህ ከተማ ውስጥ ሹ አለማግባቱን እንደ ላን አጥብቆ የሚያውቅ ሰው የለም።

ረዳቱ መርማሪ ቺዩ ከአዳራሹ በስተኋላ ጠራችው። ቺዩ ከዌንዦው ተዛውራ የመጣች፣ አለቃ የበታች ሳትል ምላሷን የማትቆጥብ ሴት ናት። "አለቃ፣ የዚህ መስኮት መቀርቀሪያ ተሰብሯል!"

ጥበቃው ሊያኦ አንገቱን አከከ። "እሱ እንኳን… የቆየ ነው። ካቻምና ነው የተሰበረው። በሽቦ ጠፍሬው ነበር።"

"ለማን ተናገርክ፣ ጋሽ ሊያኦ?" አለው ላን።

"ለማንም። ብናገር ማን ሰበረው ይባላል፤ የሰበርኩት እኔ ነኝ።"

ቺዩ ጎንበስ ብላ ሽቦውን አየችው። ከሽቦው እስከ መስኮቱ ጥግ ሸረሪት ድሯን ዘርግታ መሃሉ ላይ ቁጭ ብላለች። "በዚህ ማንም አልገባም። ምስክራችን ይቺውላችሁ።"

"እንግዲያው ቁልፍ ያለው ሰው ነው፤" አለ ላን። ድምፁ ውስጥ ያለውን ደስታ ቺዩ ሰማችው መሰል፣ ቀና ብላ አየችው።

ከሰዓት በኋላ ቺዩ ከተማውን አስሳ ስትመለስ ላን ጠረጴዛው ላይ ሲጋራ እያጨሰ ነበር።

"ሹ ዋሽቷል፤" አለችው። "ትናንት ሲመሽ በሞተር ብስክሌቱ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ተራራው ሄዷል። ድልድዩ ሥር ኑድል የምትሸጠዋ ሴት አይታዋለች። የተመለሰው ብዙ ቆይቶ ነው።"

ላን ሲጋራውን አጠፋ። "ጎሽ! ጠርሙሱን ይዞ ነበር?"

"ጠርሙስ አላየችም። ሴት ነው አፈናጦ የነበረው።"

"ምን ዓይነት ሴት?"

"ፊቷን አላየሁም ነው የምትለው። ሰማያዊ ሻርፕ ተከናንባለች፤ ጫፉ ላይ ነጭ አበባ ያለበት።"

ላን የጠፋውን ሲጋራ መልሶ አፉ ውስጥ ከተተው። ያንን ሻርፕ ላን ራሱ ለሥራ ሃንግዦው ሄዶ ለሚስቱ የገዛው ነው፤ ሻጩ በከተማዎ ሁለተኛ አይገኝም ብሎ ምሎለታል። ፔይዩን ደግሞ ትናንት ማታ "እህቴን አሟታል፣ ልያት" ብላ ወጥታ፣ እሱ እንቅልፍ ከወሰደው በኋላ ነው የገባችው።

"አለቃ? ምነው?"

"ምንም። ሻርፕ በሽ ነው በዚህ ከተማ። ሹን አምጪው።"

ሹ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እጆቹን ጭኑ ላይ አደረገ። ላን በሩን ዘጋ። ስለ ጠርሙሱ ሊጠይቀው ያሰናዳው ጥያቄ ሁሉ ከጭንቅላቱ በኖ ጠፍቷል።

"ሴቲቱ ማን ናት?"

"የትኛዋ ሴት?"

"አታሹፍብኝ። ያፈናጠጥካት!"

ሹ ቀና ብሎ አየው፤ ዐይኑ ላይ ፍርሃት ሳይሆን ሐዘኔታ የመሰለ ነገር ነበረ። ላንን የባሰ ያንገበገበው ይሄ ነው። "ልነግርህ አልችልም። ቃል ገብቻለሁ።"

"ለማን?"

"ለእሷ።"

"እንግዲያው ታድራለህ።"

"እደርና! ግን ጉዋንሚን፣ ስለ ጠርሙሱ ብለህ ሌላም ቦታ ፈልግ። እኔ ላይ ስትቆፍር…"

"አለቃ ላን በለኝ!"

ሹ አደረ። ላንም ቤቱ ሄዶ አደረ፤ ግን ማን ተኛ? ሚስቱ አጠገቡ ትተነፍሳለች፤ እሱ ጣሪያውን እያየ ሞተር ብስክሌት ላይ የተቀመጠች ሴት እጇን የት እንደምታደርግ ያስባል። ሌባ ሲያድን የኖረ ሰው በገዛ አልጋው ላይ ሌባ ጠባቂ ሆነ።

ረቡዕ ጠዋት ፔይዩን የሩዝ ገንፎውንና የኮመጠጠውን ጎመን አቀረበችለት። እሷ አልበላችም። የሳህኗን ጠርዝ በጣቷ ዙሪያውን እየዳሰሰች ቆየችና "ጉዋንሚን፣ ስለዚያ ጠርሙስ አንድ ነገር ልነግርህ ፈልጌ ነበር፤" አለች።

"ስለ ጠርሙሱ ነው ወይስ ስለ ባለ ጠርሙሱ?"

"ምን ማለትህ ነው?"

"እህትሽ ተሻላት?"

ፔይዩን ፊቷ ቀላ፤ ከዚያ ነጣ። ተነስታ ያልተነካውን ሳህን ወደ ማጠቢያው ወሰደችው። ላንም አሸነፍኩ ብሎ ወጣ፤ መንገድ ላይ ግን ያሸነፈው ምኑን እንደሆነ ሊገባው አልቻለም።

ቢሮው ሲገባ ቺዩ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችው።

"አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ እንዳይቆጡኝ። ጠርሙሱ የተሰረቀው ማታ ነው ያልነው ለምንድን ነው?"

"ሊያኦ ሲመሽ ዞሮ አይቶታል።"

"ሊያኦ ያየው ጨርቅ ነው።"

ላን ሊያወልቀው የነበረውን ኮት መልሶ ለበሰው። ትናንት ቀኑን ሙሉ ስለ ማታ ብቻ ሲጠይቅ የዋለው ለምን እንደሆነ ያውቃል። ማታ ሹ ነበረ፤ ማታ ሻርፑ ነበረ። ቀትር ላይ ግን የሚቀናበት ነገር አልነበረም።

"ተነሺ፣ ሙዚየም እንሂድ።"

አዳራሹ ውስጥ ላን በጉልበቱ ተንበርክኮ ከሣጥኑ ሥር ያለውን ወለል በእጁ ዳሰሰ። በሁለት ድንጋዮች መሃል ጣቱን አንድ ነገር ወጋው። አረንጓዴ ስባሪ ነበር፤ ጥፍር የሚያህል።

ቺዩ "ጠርሙሱ ተሰብሯል ማለት ነው?" አለች።

"አይደለም፤ ይሄ አዲስ ሥራ ነው፤ የድሮው ሸክላ ውስጡ ግራጫ ነው፣ የዚህ ነጭ ነው። ጋሽ ሊያኦ! ሰኞ ቀትር ላይ እዚህ ምን ተሰበረ?"

ሊያኦ የሰው ገመና የተጠየቀ ይመስል ድምፁን ዝቅ አደረገ። "የጂ ሹንፋ ሥራዎች ናቸዋ። ሦስት ጠርሙሶች ነበር ያመጣው። እኔ እንኳ የትኛው የድሮው የትኛው የአሁኑ እንደሆነ አልለየሁም። ሹ ግን የመጡት ሰዎች እያዩ 'ለስጦታ አይሆኑም፤ የድሮውን አይደርሱበትም' አለው። ሰውየው ቃል አልተናገረም። እዚያው ሸክላ ሠሪ ያልሆነለትን ዕቃ የሚሰብርበትን መዶሻ አውጥቶ ሁሉንም ሰበራቸው።"

"ሹ ምን አደረገ?"

"ገና መጀመሪያውን ሲመታ ሰዎቹን ይዞ ወጣ። ሰው ስባሪውን ሲለቅም አጠገቡ ይቆማል እንዴ? እኔም ወጣሁ። በኋላ በትከሻው ቅርጫቶቹን ተሸክሞ በፊቴ አለፈ።"

"ቅርጫቱን አየህ?"

"ምን?"

"ውስጡን አየህ ወይ?"

"ኧረ እፈር!" ሊያኦ በእውነት ተቆጣ። "የሰው ስባሪ አያለሁ እንዴ? እናቴ እንደዛ አድርጋ ነው ያሳደገችኝ? ግድግዳውን ነበር የማየው።"

ቺዩ አንዴ ሊያኦን አንዴ ላንን አየች። "እስቲ ቆዩ። አንድ ሰው ሙሉ ቅርጫት ተሸክሞ ከሙዚየም ሲወጣ ሁላችሁም ግድግዳ ታያላችሁ?"

"አንቺ የዚህ አገር ሰው አይደለሽም፤ እዚህ የሸክላ ሠሪን ስባሪ ማየት ነውር ነው፤" አለ ሊያኦ።

ላን ስባሪውን በመሐረብ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው። እሱም ቢሆን ፊቱን ያዞር ነበር። መኪና አቁሞ መንገዱን ያስተላልፈው ነበር እንጂ አይፈትሸውም። ከከተማው ሰው አንድም አይፈትሸውም። ጂ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል።

ሹን ከእስር ሲያወጡት አልተሟገተም። "አልቆለፍኩትም፤" አለ ገና ስለ ቅርጫቱ ሲሰማ። "ቁልፉን እዚያው ላይ ትቼው ወጣሁ። ሰውየውን በሰው ፊት አዋርጄው ዐይኑን ማየት አቃተኝ። ኋላ ቁልፉን ሊያኦ መሳቢያው ላይ አግኝቶ ሰጠኝ፤ ሣጥኑም ተቆልፎ ጨርቅ ለብሷል፤ ራሴ ሳልቆልፈው አልቀረሁም ብዬ ራሴን አታለልኩ። ትናንት ደግሞ ሥራዬን አጣለሁ ብዬ ፈራሁ።"

"የማታውስ?"

"እሱን የሚነግርህ ሌላ ሰው ነው።"

ቅናቱ እንደገና አጉረመረመ፤ ላን ግን ጥርሱን ነክሶ መኪናውን አስነሳ። ቺዩና ሹ በሁለተኛው መኪና ተከተሉት።

ጂ የሚኖርበት የሸክላ ሠሪዎቹ መንደር ከከተማው በላይ ተራራው ጎን ላይ ነው። ገና ሳይደርሱ ጭሱ ከሩቅ ታየ። ዘንዶ የሚሉት የመንደሩ እቶን ጠዋት ተለኩሷል። ከግርጌ እስከ አናት ዳገቱን ይዞ የተጋደመ ረጅም የጡብ ዋሻ ነው፤ እሳቱ ከሥር ከአፉ ይጀምርና በየጎኑ ባሉት ቀዳዳዎች እንጨት እየተጨመረለት ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። በውስጡ የመንደሩ ሰው ሁሉ ዕቃ፣ እያንዳንዱ ከነበልባሉ በሚከልለው የሸክላ ማቀፊያ ውስጥ ተከቶ፣ ተደራርቦ ተጭኗል።

ጂ ሹንፋ እቶኑ አፍ ላይ ቆሞ እንጨት ይጨምራል። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ትከሻው ሰፊ፣ ዐይኑን ከመሬት የማያነሳ ሰው ነው። ትንሽ ራቅ ብሎ መምህሩ ዬ ዳኦሹን የቀርከሃ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ዐይናቸው ደክሟል፤ የእሳቱን ነገር አሁን በጆሯቸውና በፊታቸው ነው የሚለኩት።

"ወንድም ጂ፣ ጠርሙሱ የት ነው?" አለው ላን።

"የቱ ጠርሙስ?"

"ታውቀዋለህ።"

"ቤቴ ክፍት ነው። ፈትሹ።"

ቺዩ ሄዳ ፈተሸች። ቅርጫት ሙሉ ስባሪ እንጂ ሌላ አላገኘችም። ስባሪውን ይዛው መጣች፤ አጠገቧ የቆሙት ሴቶች ሁሉ ፊታቸውን አዞሩ። ጂ እንጨት መጨመሩን አላቋረጠም። ላን እሳቱን አየ፤ ከእሳቱ ሽቅብ ረጅሙን የእቶን ጀርባ አየ።

"እዚህ ውስጥ ነው፤" አለ።

"የሰማይ ያለህ!" አለ ሹ። "ዳግመኛ እሳት ከነካው ያ ቀለም አይመለስም! አብቅቶለታል!"

"መምህር ዬ፣ እቶኑ ይከፈትልን።"

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። "የተለኮሰ እቶን አይከፈትም፣ ልጄ። እዚህ ውስጥ ያለው የመንደሩ የዓመት ጉሮሮ ነው። ብታፈርሰውና ባታገኘውስ? እነዚህን ሕፃናት ማን ያበላልሃል? ደግሞስ ይሄን ሁሉ ማቀፊያ የትኛውን ብለህ ነው?"

"እሳቱ ዕቃው ጋ እስኪደርስ ምን ያህል ጊዜ አለን?"

"እስከ ከሰዓት ቢሆን ነው።"

"ዕቃው ሲጫን ማን ነበር?"

ሰዎቹ ተያዩ። አንዲት ሴት አፏን በእጇ ሸፈነች። መምህሩ ግራ የገባቸው ይመስላሉ። "ሚስትህን ጠይቃት እንጂ። ሰኞ ማታ አብራን ስትጭን አልነበር? ከጸደይ ጀምሮ እየመጣች ትማር የለም እንዴ? ጥሩ እጅ አላት። አልነገረችህም?"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ላን ጆሮው ድረስ ቀላ። መንደሩ በሙሉ ያውቃል፤ ሹ ያውቃል፤ ባል ብቻ አያውቅም።

ይህን ጊዜ ፔይዩን ብስክሌቷን እየገፋች ዳገቱን ስትወጣ ታየች፤ ሰማያዊው ሻርፕ አንገቷ ላይ ነው። ወደ ባሏ አልመጣችም። ብስክሌቷን ጥላ ቀጥ ብላ ወደ ቺዩ ሄደች።

"መርማሪ፣ የምሰጠው ቃል አለኝ። ጣቢያ ሄጄ ነበር፣ እዚህ ናቸው አሉኝ። ጠዋት ለአለቃሽ ልነግር ነበር፤ አልተመቸውም።"

"እሺ፣ ንገሪን፤" አለች ቺዩ፣ ላንን ሳታየው።

"ሰኞ ማታ አውቶብስ ስላመለጠኝ ሹ በሞተሩ አደረሰኝ። እታች ሻይ ቤት ጠብቆኝ መለሰኝ። እንዳይናገር ያስማልኩት እኔ ነኝ።" እዚህ ላይ ወደ ባሏ ዞረች። "አረንጓዴ ነገር ባየህ ቁጥር ፊትህ ስለሚጠቁር ነው። ገባህ? ሌላ ምንም የለም።"

ላን ጫማውን አየ።

"የሠራኋትን ሲኒ መሃል ላይ ላስቀምጥ ብዬ ነበር። የመምህር ዬ ዕቃ የሚቀመጥበት ምርጡ ቦታ ላይ ክዳኑ በጭቃ የታተመ ማቀፊያ አገኘሁ። ትንሽ ገፋ ባደርገው ጮኸ።"

"እንዴት ጮኸ?" አሉ መምህሩ፤ ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው።

"እንደ ደወል። ጂ ሮጦ መጥቶ እጄን መታኝ። እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። እያለቀሰ ነበር።"

እሳት ያልነካው ሸክላ ብትመታው ዱፍ ይላል እንጂ አይጮህም። ያ ማቀፊያ ውስጥ ያለው ዕቃ ወደ እቶኑ ሲገባ፣ ድሮ ሌላ እሳት ውስጥ አልፎ የወጣ ነው።

ጂ የያዘውን እንጨት ጣለ። "ጀማሪ ናት! የማቀፊያው ድምፅ ይሆናል። የአንዲት ሴት ጆሮ አምናችሁ የመንደሩን እቶን ልታፈርሱ ነው?"

መምህሩ ዬ የደከመ ዐይናቸውን ወደ ላን አቅጣጫ አዞሩ። "ነገሩ የእሷ ጆሮ ብቻ ነው። አንተ ባሏ ነህ፤ ከማንም በላይ ታውቃታለህ። ቃሏን ታምናለህ?"

ሹ አጠገቡ ቆሟል። መንደሩ ሁሉ ያየዋል። ላን እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ፣ አሁንም ጭምር፣ በሚስቱ ቃል ላይ ጥርጣሬ ሲከምር እንደኖረ ያውቃል። ፔይዩንም ታውቃለች፤ ምን እንደሚል እሷም እንደ ሌላው ሰው ትጠብቅ ነበር።

"አምናታለሁ፤" አለ። "አፍርሱት። የጠፋው ሁሉ በእኔ ነው።"

እሳቱን ከአፉ ጎትተው አወጡ። የመሃሉን በር ጡብ በመዶሻ እየነቀሉ ጣሉት። ቺዩና ሁለት ጎረምሶች ገብተው የታተመውን ማቀፊያ ሲስቡት ከላዩ የተደረደሩት ተናዱ፤ የፔይዩን ሲኒም ከወደቁት አንዷ ነበረች። ክዳኑን ሲያነሱት ጠርሙሱ በደህና ነበር። ሞቅ ብሏል እንጂ ምንም አልሆነም። በቀን ብርሃን ሲታይ፣ ዝናብ እንዳባራ የሻይ ቅጠል የመሰለ አረንጓዴ ነው፤ ሹ አቅፎት እንደ ሕፃን አለቀሰ። ላን በዚያ እንባም ቀና፤ እሱ ለአንዳች ነገር እንዲያ ማልቀስ ችሎ አያውቅም።

"አንድ ነገር አልገባኝም፤" አለች ቺዩ ለጂ ካቴናውን እያሰረችለት። "ሊያጠፉት ከፈለጉ ለምን ምርጡ ቦታ ላይ አስቀመጡት?"

"ሌላ ቦታ ላስቀምጠው ስል እጄ እምቢ አለኝ።"

"መስበርስ?"

"እሱንም እምቢ አለኝ። እሳቱ ይውሰደው አልኩ። እሳት የወሰደውን ማንም ለምን አይልም።" ጂ ወደ መምህሩ ዞረ። "ሠላሳ ዓመት፣ መምህር! አንድ ነገር ሠርቼ ባመጣሁ ቁጥር 'ሂድ ሙዚየም፣ ያንን ጠርሙስ አይተህ ና' ይሉኛል። ልጄ ስትዳር በማግስቱ፣ እናቴን ቀብሬ ስመለስ፣ 'ሂድ፣ አይተህ ና'። ሚስቴን እንኳ እንደሱ አላየኋትም! የሞተ ሰው እጅ ነው የሠራው፤ አይደክም፣ አይሳሳት። ምን አድርጌ ልብለጠው?"

መምህሩ እጃቸውን ዘረጉ። "ስባሪውን አምጡልኝ።"

ቺዩ ቅርጫቱን አቀረበችላቸው። ሽማግሌው አንድ ስባሪ አነሱ፣ በአውራ ጣታቸው አሹት፣ ጣሉት። ሁለተኛውን አነሱ። እሱን ብዙ ጊዜ ዳሰሱት፤ ጉንጫቸው ላይ አስጠጉት።

"ይሄኛውን ለምን ሳታሳየኝ ወሰድከው?"

"ሂድ አይተህ ና እንዳይሉኝ ነዋ።"

"ይሄኛው መሰበር አልነበረበትም፤" አሉ መምህሩ።

ጂ እንደ ተመታ በሬ አጓራ። ሁለት ሰዎች ደግፈው ወደ ቺዩ መኪና ወሰዱት።

ሹ ጠርሙሱን ይዞ መኪና ሊገባ ሲል ላን እጁን ዘረጋ። "ማስረጃ ነው። ከእኔ ጋር ነው የሚሄደው። አንተ ከቺዩ ጋር ሂድ።" እንዲህ ማድረግ እንዳላስፈለገ ቺዩም አውቃለች፤ ሹም አውቋል። ጠርሙሱን በጭድና በላን ኮት ጠቀለሉት፤ ፔይዩን ጭኗ ላይ አቅፋው ከፊት ተቀመጠች።

ቁልቁለቱን በዝግታ ወረዱ። ላን በልቡ ይቅርታ እያሰናዳ ነበር። ስለ ጠዋቱ፣ ስለ ተሰበረችው ሲኒ፣ ከጸደይ ጀምሮ ተደብቃ ስለተማረችው፤ ብዙ ጥሩ ጥሩ ቃል አዘጋጅቶ አፉን ከፈተ። የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ሞተሩ ላይ… ወገቡን ይዘሽ ነበር?"

ፔይዩን ዞር ብላ አየችው። "አቁም።"

"ፔይዩን…"

"አቁም አልኩህ!"

አቆመ። ወርዳ ጠርሙሱን ወንበሯ ላይ በጥንቃቄ አስቀመጠችው። "እዚያ ሰው ሁሉ ፊት አምናታለሁ ስትል ሲኒዬ መሰበሯን እንኳ ረሳሁት። እንዲያ ነበር ደስ ያለኝ። ደስታዬ የቆየው ግን እስከዚህ መታጠፊያ ድረስ ብቻ ነው።" ከዚያ በሩን ዘግታ መንገዱን ተያያዘችው።

ላን ሊከተላት ወረደ፤ ጠርሙሱን ግን መኪና ውስጥ ብቻውን ጥሎ መሄድ አይችልም። ተመልሶ ከነኮቱ አነሳው፤ ደረቱ ላይ አጥብቆ አቅፎ ከኋላዋ መሮጥ ጀመረ። ጠጠሩ ከእግሩ ሥር ይንሸራተታል።

ፔይዩን ኮቴውን ሰምታ ዞረች፤ ዐይኗ ፈጠጠ። "አትሩጥ! ትወድቃለህ!"

ቆመ። ትንፋሹ ተቆራረጠ። "የፈራሽው… ለእኔ ነው ለጠርሙሱ?"

ቃሉ ገና ከአፉ ሳይወጣ ራሱ ሰማው። መልስ አልጠበቀም፤ በኮቱ ውስጥ ያለው ነገር ገና ሞቅ እንዳለ ነው። ለአንዲት አፍታ፣ ጣቶቹን ቢፈታቸው ምን እንደሚሆን አሰበ፤ ሐሳቡም ደስ አለው። ጂ ቅርጫቱን ሲያነሳ እንዲህ ሳይሰማው አልቀረም።

"ተቀበይኝ፤" አላት። ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለ። "ቶሎ ተቀበይኝ፣ ፔይዩን። እጄን አላምነውም።"

ፊቱን አየች፤ እየቀለደ እንዳልሆነ ገባት። በሁለት እርምጃ ደርሳ ጠርሙሱን ከእቅፉ ወሰደችለት። ላን ባዶ እጁን እያየ መንገዱ ዳር ቁጭ አለ።

ኮቱን ጠርሙሱ ላይ አጥብቃ እየጠቀለለች "የያዝኩት የኮርቻውን ብረት ነው፤" አለችው። "ወገቡን አልያዝኩም።"

"ከእንግዲህ አልጠይቅሽም።"

"ትጠይቃለህ፤" አለችው፤ ጠርሙሱን ታቅፋ ወደ መኪናው ተመለሰች።